የሰርግ ፎቶግራፈር ነኝ፣ ውጊያ ወዳለበት አካባቢ ልሄድ ነው፤ ምን ልያዝ፣ ምኑንስ አላንሳ?

ሰርገኛው፦
ሰላም ቤተሰብ። እኔ የምሰራው ሰርግ ምርቃት ልደት ምናምን ነው፣ አንዳንዴ ለድርጅቶች ስብሰባ እቀርጻለሁ። ሰሞኑን አንድ የሙያ ጓደኛዬ የውጭ ዜና ወኪል እዚሁ ያለ ልጅ በስትሪንገርነት፣ ማለት ቋሚ ሳይሆን በየስራው የሚከፈለው ሆኖ፣ እየፈለገ ነው ብሎኝ ስራዎቼን ላኩላቸው፣ ደወሉ፣ ተስማማን ማለት ይቻላል። የምሄድበት ተፈናቃዮች የሰፈሩበት፣ ከውጊያው ብዙም የማይርቅ ቦታ ነው፣ የት እንደሆነ እዚህ ባልጽፍ ይሻላል።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛው ቀላሉ ነው፣ ያለኝ ኒኮን ዲ750 ነው፣ ከ24-70 እና ከረጅሙ 70-200 ሌንስ ጋር። ይሄ ይበቃል ወይስ ተበድሬም ቢሆን ሚረርለስ የሚሉትን መስታወት አልባውን ካሜራ ልግዛ? ስልኬስ ይጠቅመኛል?

ሁለተኛው ነው የከበደኝ። ሰርግ ላይ ሰው ራሱ እየጠራ ነው አንሳኝ የሚለው፣ የሙሽራዋን አክስት ከዘለልክማ አለቀልህ። እዛ ግን ማንም አልጠራኝም። አንዲት እናት ልጇ ሞቶባት ደረቷን እየደቃች እኔ ካሜራ ልደቅንባት ነው? ይቅርታ ላንሳሽ ወይ ተብሎ አይጠየቅ ነገር። አንዳንዱ መጀመሪያ አንሳ በኋላ ታስብበታለህ ይላል፣ ሌላው ካሜራህን አስቀምጠህ ሰው እርዳ ይላል፣ ሁሉም ደሞ መጨረሻ ላይ ያንን በረሃብ የደከመ ህጻን አጠገብ አሞራ ቆሞ የሚታይበትን የሱዳኑን ፎቶ ያመጣብኛል፣ ያነሳው ሰውዬ ህጻኑን ጥሎ ሄዶ በጸጸት ራሱን አጠፋ ምናምን። እውነት ነው እንዴ ታሪኩ? የሰራ ወይም የሚያውቅ ሰው ካለ በናታችሁ።

ሌንስ ብቻ፦
ስለ እቃው እኔ ልበል፣ ስለ ህሊናው ሌሎች ይመጣሉ።

ዲ750 በቂህ ነው፣ ለዚህ ብለህ ብድር ውስጥ እንዳትገባ። ሁለት የሜሞሪ ማስገቢያ ስላለው ሁለተኛውን ባካፕ ላይ አድርገው፣ አንዱ ካርድ ቢበላሽም ሌላው ላይ ታገኘዋለህ። ችግሩ ድምጹ ነው፣ ለቅሶ ያለበት ቤት ውስጥ ቻክ ሲል ሁሉም ዞሮ ያይሃል። ኪው የሚለው ሞድ ላይ ስታደርገው ትንሽ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ሚረርለስ ጭራሽ ድምጽ ሳያሰማ ያነሳል፣ ያ ጥሩ ይመስላል ግን ሰውየው እየተነሳ መሆኑን ሳያውቅ ነው የምትወስድበት፣ እና እኔ እንጃ፣ የካሜራ ድምጽ አንዳንዴ ጨዋነት ይመስለኛል።

70-200ውን ነገር አስብበት። እ.ኤ.አ. በ2007 ባግዳድ ላይ የሮይተርሱ ፎቶግራፈር ናሚር ኑር ኤልዲንና አብሮት የነበረው ሾፌር ሰዒድ ጭማግ ከአሜሪካ አፓቼ ሄሊኮፕተር በተተኮሰ ነው የተገደሉት፣ አብራሪዎቹ ካሜራውን መሳሪያ ነው ብለው ነበር፣ ቪዲዮው በ2010 ወጥቶ አለም ሁሉ አይቶታል። ትከሻ ላይ የተንጠለጠለ ጥቁር ረጅም ነገር ከሩቅ ምን እንደሚመስል አንተው ፍረድ። ስለዚህ እሱን ቦርሳ ውስጥ አድርገህ በ24-70 ስራ። ሌላም ጥቅም አለው፣ በአጭር ሌንስ ለመስራት መጠጋት አለብህ፣ ከተጠጋህ ሰውየው ያይሃል፣ ካየህ ደሞ እጁን አንስቶ አይሆንም ሊልህ ይችላል። በረጅም ሌንስ ያንን እድል ነፍገኸዋል። ሮበርት ካፓ ፎቶህ ጥሩ ካልሆነ በቂ አልተጠጋህም ይል ነበር፣ ልክ ነው ግን ካፓ በ1954 ቬትናም ውስጥ ፈንጂ ረግጦ ነው የሞተው፣ ነገሩን ቃል በቃል እንዳትወስደው ለማለት ነው።

ከካሜራ በፊት ግን ደም ማቆሚያ ማሰሪያ ግዛ፣ ቱርኒኬት የሚሉትን፣ አጠቃቀሙንም ተማር። በ2011 ሊቢያ ሚስራታ ላይ ቲም ሄዘሪንግተን የሚባል ትልቅ ፎቶግራፈር ሲቆስል በደም መፍሰስ ነው ያለቀው፣ በዛው ጥቃት ክሪስ ሆንድሮስም ሞተ። ከዛ በኋላ ነው ጓደኛው ለፍሪላንሰሮች ብቻ የመጀመሪያ እርዳታ ስልጠና የሚሰጥ ድርጅት ያቋቋመው። ላኪዎችህን ስልጠናና ጥይት መከላከያ ትሰጣላችሁ ወይ በላቸው፣ ካፈርክ አንተው ትጎዳለህ።

ስልክህን ሎኬሽኑን አጥፋ። በ2012 ጆን ማካፊ የሚባለው የአንቲቫይረሱ ሰውዬ ከፖሊስ ተደብቆ እያለ አንድ መጽሄት ፎቶውን ሲያወጣ ፋይሉ ውስጥ ጂፒኤሱ ስለነበር ጓቴማላ ውስጥ የት እንዳለ ሁሉም አወቀ። እሱ ሀብታም ነበር፣ ያኔ ተርፏል፣ አንተ የምታነሳት ሴትዮ ግን የተደበቀችበት ቤት ቢታወቅ ማን ያተርፋታል? ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ስትልክ ያንን መረጃ ያጠፋዋል፣ ጥራቱ እንዳይቀንስ ብለህ እንደ ፋይል ስትልክ ግን ሁሉም ነገር አብሮ ይሄዳል። ሁላችንም እንደ ፋይል ነው የምንልከው አይደል!

የድሮ ካሜራማን፦
ልጄ ስለ አሞራው ፎቶ የሰማኸው ግማሹ ወሬ ነው፣ እስቲ ላስተካክልልህ። ኬቨን ካርተር ደቡብ አፍሪካዊ ነው፣ ያነሳው በነሱ አቆጣጠር በ1993 መጋቢት ደቡብ ሱዳን ውስጥ አዮድ በምትባል ቦታ ነው፣ የእርዳታ አውሮፕላን አርፎ ሰዉ ምግብ ሊቀበል ወደዛ ሲሮጥ ህጻኑ ትንሽ ርቆ መሬት ላይ ወድቆ ነበር። ሴት ልጅ ናት ተብሎ ነው አመታት ሙሉ የተወራው፣ በኋላ የስፔን ጋዜጠኞች ሄደው አባቱን አግኝተው ወንድ እንደሆነና ያን ቀን እንዳልሞተ፣ ከአመታት በኋላ እንዳረፈ አባቱ ነግሯቸዋል። ፎቶውን አተኩረህ ካየኸው የህጻኑ እጅ ላይ የምገባ ጣቢያው ማሰሪያ ይታያል፣ ማለትም ተመዝግቧል፣ የሚያየው ሰው አለው። ኒውዮርክ ታይምስ ሲያወጣው ይሄ ሁሉ አልተነገረም፣ አንባቢ ልጁ ምን ሆነ እያለ ጠየቀ፣ ጋዜጣው ተመልሶ ማብራሪያ መጻፍ ግድ ሆነበት።

ካርተር አሞራውን አባሮታል፣ የታመመ ሰው እንዳትነኩ የሚል ትእዛዝም ነበረባቸው ይባላል። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው፣ ራሱ እንደተናገረው አሞራው ክንፉን ይዘረጋ ይሆናል ብሎ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠብቋል። አንድ ፍሬም አንስተህ ብትነሳ ማንም ምንም አይልህም፣ ፎቶውን ለማሳመር መቆየቱ ነው ነገሩ። ሞቱን በተመለከተ ደሞ በነሱ 1994 በዚህ ፎቶ የፑሊትዘርን ሽልማት ባሸነፈበት ወር የቅርብ ጓደኛው ኬን ኡስተርብሩክ ደቡብ አፍሪካ ቶኮዛ ላይ በተኩስ ተገደለበት፣ እዳ ነበረበት፣ እጽ ነበረበት፣ ለአመታት ሰው ሲቃጠልና ሲታረድ ሲያነሳ የኖረ ሰው ነው። በዛው አመት ሀምሌ ላይ ሞተ። በአንድ ፎቶ ጸጸት ሞተ ማለት ለሚያወራው ሰው ይመቻል እንጂ እውነቱ እንደዛ አጭር አይደለም። ነፍስ ይማር።

አሁን ወደኛ ልምጣ። ፎቶ ማንሳቱ ብቻውን ጽድቅም ኩነኔም አይደለም፣ ከዛ በኋላ ማን እንደሚቀጥለውና ከምን ጋር እንደሚያያይዘው ነው። እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየው፣ እርዳታ እንዲመጣ ነበር። ደርጎቹ ያንኑ ፊልም ወስደው መሃል መሃሉ ላይ የቤተ መንግስት ግብር፣ ድግስ፣ ንጉሡ ውሾቻቸውን ሲመግቡ እያስገቡ በ1967 የዘመን መለወጫ ማታ በቴሌቪዥን ለቀቁት፣ በማግስቱ ጃንሆይን አወረዱ። የወሎ ሰው ፊት ያው ነው፣ አልተነካም፣ አልተቀየረም፣ ግን ሌላ ስራ ሰራ። ከዛ ደሞ በአስር አመቱ እነሱ ራሳቸው የአብዮቱን በአል በወሬና በመጠጥ ሲያከብሩ ረሃቡን ደበቁ። ጥቅምት 77 ላይ ኬንያዊው መሀመድ አሚን ኮረም ገብቶ ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር ቀርጾ ባያወጣው ስንት ሰው ይጨመር ነበር የሚለውን ፈጣሪ ያውቃል። እና ካሜራ አያስፈልግም ለሚል ሰው እኔ ጆሮ የለኝም። አሚን በነገራችን ላይ በ83 አዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ሲቀርጽ ግራ እጁን አጥቷል፣ ድምጽ ባለሙያው ጆን ማታይ እዛው ሞተ፣ አሚን በአርቴፊሻል እጅ ስራውን ቀጥሎ በ1996 በነሱ አቆጣጠር ኮሞሮስ ባህር ላይ በወደቀው የተጠለፈ አውሮፕላናችን ውስጥ ነው ያረፈው። ለዚህ አገር እጁን የሰጠ ሰው ነው፣ ከኛ ልጆች ስንቱ ስሙን እንደሚያውቀው እንጃ።

ግን የኮረሙ ፊልም ላይ ያሉት ሰዎች ስም የላቸውም። እኔን እስከዛሬ የሚቆረቁረኝ እሱ ነው። አንዲት ሌላ ልጅ አለች፣ የካናዳ ቴሌቪዥን በዛው ሰሞን ትግራይ ውስጥ ልትሞት ነው ተብላ የቀረጻት፣ ፊቷ ለረሃቡ እርዳታ በተዘጋጀው በላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ላይ ለአለም ታየ። አልሞተችም፣ ብርሃን ወልዱ ትባላለች፣ አድጋ ተምራ በነሱ አቆጣጠር በ2005 ለንደን ላይቭ ኤይት (Live 8) የሚባለው ሌላ ኮንሰርት መድረክ ላይ ወጣች። ሃያ አመት ሙሉ ሰው ፊቷን ሲያይ ኖሮ ሰው መሆኗን ያወቀው በኋላ ነው። ስለዚህ ልጄ ደብተር ያዝ። ስሟን፣ የመጣችበትን፣ ስንት ልጅ እንዳላት፣ ማን እንዳዋረዳት ወይ ምን እንደምትፈልግ ጠይቀህ ጻፍ። ያኔ የምታነሳው ረሃብተኛ ወይም ተፈናቃይ አይሆንም፣ እማማ እከሊት ናቸው።

ናቲ ቨርጂኒያ፦
ጋሼ ጥሩ ብለዋል። እኔ አንድ ልጨምር ምክንያቱም እኔ ያለሁበት ሰፈር ጋር ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ1968 ቬትናም ሳይጎን መንገድ ላይ አንድ ጄኔራል እጁ የታሰረን ሰው ጭንቅላቱን በሽጉጥ ሲመታ ኤዲ አዳምስ ያነሳውን ፎቶ ሁላችሁም አይታችኋል። ጄኔራሉ ንጉየን ንጎክ ሎዋን ይባላል፣ ሳይጎን ስትወድቅ አሜሪካ ገባና እዚህ ቨርጂኒያ በርክ ውስጥ የገበያ አዳራሽ ላይ ፒዛ ቤት ከፈተ። እኛ አበሾች እኮ ቅዳሜ ቅዳሜ የምናልፍበት መንገድ ነው። ሰዎች ማን እንደሆነ ሲያውቁ ሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ እናውቅሃለን ብለው ጻፉበት፣ ከአገር ለማስወጣትም ተሞክሮ ነበር። አዳምስ ራሱ በኋላ ጄኔራሉ ሰውየውን ገደለ እኔ ደግሞ ጄኔራሉን በካሜራዬ ገደልኩት የሚል አይነት ነገር ጽፏል፣ ቤተሰቡንም ይቅርታ ጠይቋል፣ ምክንያቱም የተገደለው ሰው ያን ቀን ሰው ገድሎ ነው የተያዘው ተብሎ ነበር፣ ፎቶው ግን ያንን አይናገርም። እኔ በበኩሌ የታሰረ ሰው መግደል ምንም ቢደረግ አይጸድቅም፣ አዳምስ ከሚገባው በላይ ይቅርታ የጠየቀ ይመስለኛል። ግን ነጥቡ ገብቷችኋል፣ አንድ ሴኮንድ የሰውን ሙሉ ህይወት ይወስዳል።

ሌላው የሚያናድደኝ፣ አሜሪካኖች ከ1991 እስከ 2009 ድረስ የራሳቸው ወታደር ሬሳ ሳጥን ዶቨር አየር ማረፊያ ሲገባ ፎቶ ማንሳት ከልክለው ነበር። ሳጥኑን እኮ ነው፣ ባንዲራ የተጠቀለለ ሳጥን! የቤተሰብ ክብር ነው አሉ። በ1993 ሞቃዲሾ ላይ ፖል ዋትሰን የተጎተተ አሜሪካዊ ወታደር አስከሬን ሲያነሳ አገር ተናወጠ፣ በወራት ውስጥ ጦራቸው ከሶማሊያ ወጣ። የሶማሌው፣ የሩዋንዳው፣ የኛ ሬሳ ሲሆን ግን ፊት ለፊት በትልቁ በቀለም። ስለዚህ ሰርገኛው ኤዲተሮችህን አንድ ነገር ጠይቃቸው፣ ይሄው ፎቶ ከነሱ ከተማ ቢመጣ እንደዚሁ ታወጡታላችሁ ወይ በላቸው። መልሳቸውን ስማና ከዛ ወስን።

ስሜ ይቅር፦
ብዙ ጊዜ እዚህ አንብቤ ነው የምወጣው፣ ዛሬ ግን ልጻፍ።

እኔ የታላቅ ወንድሜን ሞት የሰማሁት ቴሌግራም ላይ ነው። ቻናሉ የማን እንደሆነ አልናገርም፣ ያነሳውንም ሰው አላውቀውም። ፊቱን ብለር አድርገውት ነበር፣ ሰው አሰቡ ማለት ነው። ግን የለበሰውን ጃኬት እኔ ነኝ የገዛሁለት። ለኛ ምን ብለር አለው?

እድርተኞቹና ሽማግሌዎቹ ተጠራርተው ሊነጋጋ ሲል መርዶ ሊነግሩን መጡ፣ እንደ ወጉ፣ እናቴን መሃል አስቀምጠው ቀስ አድርገው ሊነግሯት። እሷ ግን ማታውኑ የጎረቤት ልጅ ስልክ ላይ አይታዋለች፣ ብቻዋን፣ ማንም ሳይዛት። ሙሾ እንኳን አላወጣችም። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ አውቃለሁ ብላቸው ዝም አለች። እኛ አገር ሞት እንዴት እንደሚነገር ስርአት አለው እኮ፣ ሰው ደርቆ እንዳይቀር፣ የሚደግፍ ክንድ እንዲኖር ነው። ፎቶው ያንን ነጠቀን።

አታንሳ አልልህም ወንድሜ። ባይነሳ የት እንደወደቀም አናውቅም ነበር፣ እሱንም እቀበላለሁ። ግን ከሞተው ሰው ፊት በተጨማሪ ልብሱን ጫማውን አምባሩን የአንገት መስቀሉን እይ፣ ቤተሰብ በዛ ነው የሚያውቀው። እና ከማውጣትህ በፊት ቆይ። አንድ ቀን ሁለት ቀን ብትቆይ ምን ይሆናል? ጦርነቱ እንደሆነ አይሸሽም።

የድሮ ካሜራማን፦
እግዜር ያጽናሽ ልጄ። እኔ ያልኩትን ሁሉ ብሰርዘው ደስ ባለኝ፣ ያንቺን ብቻ ያንብብ።

ህግ የሚማረው፦
እህቴ ነፍስ ይማር፣ በጣም ያሳዝናል። ከአንቺ ጋር ሙሉ በሙሉ ባልስማማ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ማለቴ መቆየቱ ላይ እስማማለሁ፣ እዚህ ክር ላይ ግን ካሜራው ራሱ ጥፋተኛ እንዳይመስል ፈርቼ ነው።

የካቲት 12ን አስቡ። የ1929ኙን ጭፍጨፋና ከዛ በፊትና በኋላ የተደረገውን ብዙውን ፎቶ ያነሱት ራሳቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው፣ የተቆረጠ ራስ ይዘው እየሳቁ፣ ለማስታወሻ ብለው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ መንግስታችን የፋሺስትን ወንጀል ለአለም ለማስረዳት ባሳተመው ጥራዝ ውስጥ እነዛው ፎቶዎች ናቸው የገቡት። ለገዳዩ ጌጥ የነበረው ለሟች ምስክር ሆነ። ፍርድ ግን አላገኘንም፣ ግራዚያኒ የተፈረደበት በገዛ አገሩ ፍርድ ቤት ከጀርመን ጋር በመተባበር ነው እንጂ ስለ አዲስ አበባ ማንም አልጠየቀውም፣ የመርዝ ጋዙንም የጣሊያን መንግስት በይፋ ያመነው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው፣ ስድሳ አመት! ማስረጃ እያለ እንኳን ስድሳ አመት ከተካደ ባይኖርስ? በ2022 ዩክሬን ማሪዩፖል ላይ የወሊድ ሆስፒታል ሲመታ የአሜሪካው ዜና ወኪል የኤፒ ጋዜጠኞች ማሎሌትካና ቼርኖቭ በቃሬዛ የተሸከሟትን እርጉዝ ሴት አነሱ፣ ሩሲያ ተዋናይ ነው ድራማ ነው አለች። ሴትዮዋም ህጻኑም ሞተዋል። እዛ ደሞ ሀኪሞቹ ራሳቸው ቅረጹ አሳዩ እያሉ ነው የሚለምኗቸው የነበረው። ስለዚህ ሁልጊዜ ሰው አይፈልግም ብለህ አትጀምር፣ አንዳንዱ ሰው ያለው ብቸኛ መሳሪያ ያንተ ካሜራ ነው።

እኔ የምለው ማንሳትና ማውጣት ሁለት የተለያየ ነገር ነው። አንሳ፣ ኦሪጅናሉን አትንካ፣ አታጥፋ፣ ቀንና ቦታውን ለብቻ ጽፈህ አስቀምጥ። ለህዝብ የሚወጣው ላይ ግን ስስታም ሁን። ምርኮኛ ካጋጠመህ ደግሞ ፊቱን አታውጣ፣ ሶስተኛው የጄኔቫ ስምምነት አንቀጽ 13 ምርኮኛ ለህዝብ መመልከቻ መሆን የለበትም ይላል። እሱ በአገርና በአገር መካከል ላለ ጦርነት ነው፣ የእርስ በእርሱን የሚገዛው የጋራ አንቀጽ 3 ነው፣ እሱም የሰውን ክብር ማዋረድ ይከለክላል። እኛ አገር ሁሉም ወገን ምርኮኛ አሰልፎ ስምህን ተናገር እያለ ነው በቴሌቪዥን የሚያሳየው፣ ልጁ ነገ ሰፈሩ ሲመለስ ምን እንደሚጠብቀው ማንም ግድ የለውም።

ፎቶሾፕ ደግሞ ወላ ሃንቲ! ሰርግ ላይ ብጉር ማጥፋት ለምደሃል፣ እዛ ላይ አይሰራም። ናርሲሶ ኮንትሬራስ የሚባል ከኤፒ ጋር ፑሊትዘር የተጋራ ፎቶግራፈር ሶሪያ ላይ ያነሳው ፎቶ ጥግ ላይ የጓደኛው ቪዲዮ ካሜራ ገብቶበት እሱን በፎቶሾፕ ስላጠፋ ብቻ በ2014 ኤፒ ከሱ ጋር መስራት አቆመ፣ 500 የሚያህሉ ፎቶዎቹንም ከገበያ አወጣበት። ካሜራው እኮ ለታሪኩ ምንም አልነበረም። ሮይተርስም በ2015 ፍሪላንሰሮች ካሜራው ራሱ የሰራውን ጄፔግ ብቻ እንዲልኩ፣ ሮው ከሚባለው ጥሬ ፋይል የተቀነባበረ እንዳይልኩ አዝዞ ነበር። የላኪህን ደንብ ሳትሄድ በፊት አንብብ።

ሌንስ ብቻ፦
ወንድም ማንሳትና ማውጣት ሁለት ነው ያልከው ወረቀት ላይ ያምራል። ስትሪንገር እኮ ነው! ካርዱን አስገብቶ አርባ ፎቶ ከላከ በኋላ የትኛው እንደሚወጣ የሚወስነው ሌላ አገር ተቀምጦ ቡና የሚጠጣ ኤዲተር ነው፣ ከዛ ደሞ ወኪሉ ለሺህ ጋዜጣ ይሸጠዋል፣ ከዛ ቲክቶክ ላይ ሙዚቃ ይገባበታል። አንዴ ከእጁ ከወጣ አበቃ። ስለዚህ ስስቱ መጀመር ያለበት ላክ የሚለውን ከመጫኑ በፊት ነው። የማይፈልገውን ጭራሽ አይላክ። ለማስረጃ የሚሆነውን ሃርድ ዲስክ ላይ ቆልፎ ያስቀምጥ፣ የሚመለከተው መርማሪ ሲመጣ ይስጥ።

በዛ ላይ ሃርድ ዲስኩ ቢያዝስ? ኬላ ላይ ክፈት ቢሉትስ? ይሄንንም አስቡ። በፓስዎርድ የተቆለፈ ቢሆንም ክፈት ካሉህ መክፈትህ ነው። የምስክሮችን ፊት የያዘ ነገር ይዞ ኬላ ማለፍ የሚያስፈራ ነገር ነው፣ ቶሎ ወደ ደህና ቦታ ልኮ ከላዩ ላይ ማጥፋት ይሻላል፣ አታጥፋ የተባለው ሌላ ኮፒ ካለ ብቻ ይሰራል።

ህግ የሚማረው፦
እሱ ልክ ነህ፣ ኬላውን አላሰብኩትም። ያው በአለም አቀፍ ህግ ጋዜጠኛ እንደ ሲቪል ነው የሚቆጠረው፣ የጄኔቫ ስምምነቶች የ1977 እ.ኤ.አ. ተጨማሪ ፕሮቶኮል አንድ አንቀጽ 79፣ ግን ኬላ ላይ ያለው ልጅ አንቀጽ 79ን አንብቦ አይጠብቅህም።

ናቲ ቨርጂኒያ፦
ፎቶው የማን ነው የሚለውም አለ። በናፓልም የእሳት ቦምብ ተቃጥላ ራቁቷን የምትሮጠዋ ልጅ የቬትናም ፎቶ ከ1972 ጀምሮ የኒክ ኡት ነው ስንል ኖረን በ2025 የፎቶ ሽልማት ሰጪው ወርልድ ፕሬስ ፎቶ ያነሳው ሌላ የአገሩ ስትሪንገር ሊሆን ይችላል ብሎ ስሙን አገደው፣ ኤፒ ደግሞ መርምሮ ስሙን ለመቀየር በቂ ማስረጃ የለም ብሎ የኡትን ስም እንዳለ ተወው። ሃምሳ አመት አልፎ እንኳን አልተቋጨም። ስትሪንገር ነህና ስምህ ፎቶው ስር እንዲጻፍ ወይም ለደህንነትህ እንዳይጻፍ ከፈለግክ አሁኑኑ ተነጋገር፣ ኦሪጅናል ፋይልህንም ለማንም አትስጥ።

ሰርገኛው፦
ኧረ እግዜር ይስጣችሁ፣ እንዲህ አይነት መልስ አልጠበቅኩም። በተለይ አንቺ ስሜ ይቅር ያልሽው እህቴ፣ ምን እንደምልሽ አላውቅም፣ ነፍሱን በአጸደ ገነት ያኑርልሽ፣ እናትሽንም ያበርታልሽ።

ሚረርለሱን ተውኩት። 70-200ው እቤት ይቀራል። ኮንትራቱን አሁን ቁጭ ብዬ ሳነበው ፎቶው ከተላከ በኋላ ሁሉም መብት የነሱ ነው ይላል፣ ማንነትን የሚያሳይ የሟች ፎቶ ከማውጣታቸው በፊት እንዲደውሉልኝና ቢያንስ ቤተሰቡ መርዶ እስኪነገረው እንዲቆዩ በጽሁፍ ይግባልኝ ብዬ ኢሜል ላኩላቸው። የዜና ወኪል ሁለት ቀን አይቆይም ብላችሁ ትስቁብኝ ይሆናል። እና አንድ የቀረኝ፣ ብቆስል እኔን ከቦታው የማውጫው ወጪና ኢንሹራንሱ የማን እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ምንም አልተጻፈም፣ እንደዚህ አይነት ነገር መጠየቅ ስራውን ያስቀርብኛል?

ሌንስ ብቻ፦
ጠይቅ። ካስቀረብህ ይቅር፣ ኢንሹራንስ ስለጠየቅክ የሚተውህ ቤት ብትቆስል ስልክህንም አያነሳልህም። ቱርኒኬቱን ከታወቀ የህክምና እቃ መሸጫ ግዛ፣ መርካቶ ላይ በርካሽ የሚሸጠው ሲጠመዘዝ ይሰበራል።